ደሞዝ በ18 ሲያልቅ፦ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ የተጻፈ መመሪያ

ወሩ ገና 18ኛው ቀን ላይ ነው። ዘይቱ ጠርሙሱ ሥር ደርሷል። ትንሹ ልጅ ማታ ላይ ትዝ ብሎት "ነገ 50 ብር አምጡ ተብለናል" ይላል። ስልክሽን ከፍተሽ ቴሌብር ታያለሽ፤ 137 ብር። ደሞዝ የሚገባው ከ12 ቀን በኋላ ነው።

እኔ እዚህ ቦታ ላይ 3 ዓመት ያህል ቆሜያለሁ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ደሞዝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ኪራይ ቤት። ከዚያ የወጣሁት ሽሮ በመቆጠብ አይደለም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ለእኛ የሚሰጠው የቁጠባ ምክር ሁሉ ሽንኩርት ላይ ጀምሮ ሽንኩርት ላይ ስለሚያልቅ ነው። እኔ ጉድለቱን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው። ትልልቆቹ ወጪዎች ውስጥ፣ ዕዳ ውስጥ፣ እና አባትየው ሳይከፍለው በቀረው ድርሻ ውስጥ።

"አንቺ" እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ይህን ሸክም ሲሸከሙ ያየኋቸው አብዛኞቹ እናቶች ስለሆኑ። ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድግ አባት ካነበበው፣ ለእርሱም ይሠራል። ስለ ቀለብ የጻፍኩትም ጭምር።

1. መጀመሪያ ጉድለቱን ቁጥር አድርጊው

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ተቀመጪ። "በጣም ይጎድለኛል" ማለትና "4,100 ብር ይጎድለኛል" ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው እንቅልፍ ይነሳል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው ግን ሥራ ሊሠራበት ይችላል።

በግራ ገጽ በእጅሽ የሚገባውን ጻፊ። ውል ላይ ያለውን ደሞዝ ሳይሆን፣ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ባንክ የሚገባውን። በቀኝ ገጽ የሚወጣውን። የማታስታውሽውን ቴሌብርና የባንክ መልእክቶችሽ ያስታውሱሻል፤ ወደ ኋላ እያልሽ አንብቢያቸው። በጥሬ ገንዘብ የሚወጣውን ለ2 ሳምንት በየማታው ጻፊ። 10 ብርም ብትሆን ጻፊያት።

የእኔ ደብተር የዚያን ጊዜ ይህን ይመስል ነበር። ደሞዝ 9,200፣ ቅዳሜ እንጀራ ጋግሬ የማገኘው 1,000፣ ድምር 10,200 ብር። ወጪው ደግሞ፦ ኪራይ 4,500፣ ምግብ 4,800፣ የትንሹ ልጅ የግል መዋዕለ ሕፃናት 1,600፣ ትራንስፖርት 900፣ መብራት ውሃና የስልክ ካርድ 450፣ እድር 150፣ እቁብ 800፣ ለሱቅ ዱቤ በየወሩ የምከፍለው 600፣ ሳሙና መድኃኒትና ልዩ ልዩ 500። ድምር 14,300። ጉድለት 4,100።

ቁጥሮቹ የአንቺ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ዋጋውም በየጊዜው ይለዋወጣል። ቅርጹን ግን ተመልከቺው። ኪራይ፣ ምግብና ትምህርት ብቻቸውን ከገቢዬ ይበልጣሉ። ሽንኩርት በግማሽ ኪሎ ብቀንስ ምን አመጣለሁ?

ሌላም ነገር አለ። ዓመቱን በ13 ወር ቁጠሪው። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም፤ የነሐሴው ደሞዝ 35 ቀን (በዘመነ ሉቃስ 36 ቀን) መቆየት አለበት። ከዚያ ደግሞ እንቁጣጣሽ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምዝገባ፣ መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ። መስከረም በየዓመቱ ድንገት የመጣ ይመስለናል፤ ግን በየዓመቱ የሚመጣው በዚያው ቀን ነው።

2. ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ማን ይቅደም?

ይህን አስቀድመሽ ወስኚ። ካልወሰንሽ ገንዘቡ የሚሄደው ጮክ ብሎ ለጠየቀሽ ሰው ነው። የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ የልጆቹ ምግብና መድኃኒት፣ ኪራይ፣ መብራትና ወደ ሥራ የሚወስደኝ ትራንስፖርት፣ ትምህርት፣ ከዚያ ዕዳ። ወደ ሥራ የሚወስድሽ ትራንስፖርት ከትምህርት የቀደመው ሥራው ከቀረ ሁሉም ስለሚቀር ነው።

እድርን አትንኪው። ብዙ ሰው ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያቋርጠው እድሩን ነው፤ ትንሽ ስለሆነና ዛሬ የሚሰጠው ነገር ስለሌለ። ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ ከሆነ ግን ሐዘን ቢመጣ ድንኳኑን የሚተክልልሽ፣ ወንበሩን የሚያመጣልሽ፣ ለልጆችሽ የሚቆምላቸው እርሱ ነው። 150 ብሩ ይከፈል።

እቁብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

3. ትልልቆቹን ንኪ

*ኪራይ።* አከራይሽን ቀኑ ሳያልፍ አነጋግሪ። "ጋሼ፣ ደሞዝ በ30 ነው የሚገባልኝ፤ ኪራዩ በ5 ይሁንልኝ" ማለት ከ3 ቀን መደበቅ ይሻላል። አንድ ግቢ እየኖሩ ከአከራይ መደበቅ ደግሞ እንዴት እንደሚያደክም የኖረበት ያውቀዋል፤ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንኳ በመስኮት ማየት ነው።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ማወቅ ያለብሽ ነገር ይዟል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። የውሉ ጊዜ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ጭማሪውም አከራዩ ባሰኘው ጊዜና ልክ አይደለም፤ በዓመት አንዴ በሚወጣው መጠን የተወሰነ ነው። ብዙዎቻችን አሁንም በቃል ተስማምተን ነው የምንኖረው። አከራይ ጋር መጣላት አልመክርሽም። ግን "የ6 ወር ቅድሚያ አምጪ" ከተባልሽ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅሽ ድምፅሽን ያስተካክለዋል። ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈይ፤ ማስረጃው ይቀመጥልሻል።

ደባል መያዝም አንድ መንገድ ነው። ልክ እንደ አንቺ ልጅ ያላት ሴት ሆና፣ ሁለት ክፍል ተከራይታችሁ ኪራዩን ብትካፈሉ ከኪራዩ ሌላ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ታተርፊያለሽ። እኔ አልሞከርኩትም፤ ጓደኛዬ ግን 2 ዓመት ኖራበታለች። ከመግባታችሁ በፊት ስለ መብራት፣ ስለ እንግዳና ስለ ልጆች ጠብ ተነጋገሩ ብላለች።

*ትምህርት።* ይህ ያመኛል፤ ግን እናገረዋለሁ። ትንሹን ልጄን ከግል መዋዕለ ሕፃናት አውጥቼ መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባሁት። አንድ ሳምንት አለቀስኩ፤ እርሱ በሁለተኛው ቀን ጓደኛ አገኘ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ከ2012 ወዲህ ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማ አስተዳደሩ ያቀርባል። ስለዚህ የተረፈኝ 1,600 ብር ብቻ አይደለም፤ የጠዋት ዳቦና የምሳ ዕቃም ነው።

ለመቀየር ከወሰንሽ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሪ። ቤትሽ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት ቶሎ ይሞላል። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ክትባት ካርድና መሸኛ ያስፈልጋል። የተጠራቀመ ክፍያ ካለብሽ መሸኛውን ለማውጣት ስለሚያስቸግር፣ ርዕሰ መምህሩን በአካል አነጋግረሽ ዕዳውን በየወሩ ለመክፈል በጽሑፍ ተስማሚ። ትልቁ ልጅ የመጨረሻ ክፍል ላይ ከሆነና መቀየሩ የሚጎዳው ከመሰለሽ ተዪው። ሁሉም ነገር በብር አይለካም።

*ትራንስፖርት።* የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የፐብሊክ ሰርቪሱ አውቶቡስ አለልሽ። ካልሆንሽም ከሁለት ታክሲ አንዱን በአንበሳ ወይም በሸገር አውቶቡስ ለመተካት ከቤት 30 ደቂቃ ቀድሞ መውጣት ነው። ልጅ ይዞ ደግሞ 30 ደቂቃ ቀላል አይደለም። ከቻልሽ ሞክሪው።

4. ወጥ ቤት (አጭር ነው)

ምግብ ላይ የምትቀንሽው ትንሽ ነው። የልጅ ሳህን ላይ ደግሞ ባይቀነስ ይመረጣል። ለእኔ የሠሩት እነዚህ ናቸው።

ጤፍን ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር ማስፈጨት፤ 3 ኪሎ ጤፍ ለ1 ኪሎ ሩዝ ብዙም አይታወቅም። ዘይትና ስኳር ከሸማቾች ማኅበር መውሰድ፤ የነዋሪነት መታወቂያ ያዢ፣ ዕቃው የሚገባበትን ቀን ጠይቂ። አትክልት ከእሁድ ገበያ። በርበሬና ሽሮ በዓመት አንዴ፣ እህሉ ሲረክስ፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ ማዘጋጀት። ገንዘቡ አንዴ ስለሚወጣ ያስፈራል፤ ግን በየሳምንቱ ሩብ ኪሎ ከሱቅ መግዛት ነው የሚያከስረው።

የመብራት ምጣድ ብዙ ኃይል ይበላል፤ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ነው። በጣም የሚባክነው እስኪግል ያለው ጊዜ ነው። አንዴ ከጋለ አይብረድ። እኔና ጎረቤቴ በአንድ ቀን ተከታትለን እንጋግራለን፤ የእኔ ሊጥ ሲያልቅ የእርሷ ይቀጥላል፤ በቀጣዩ ሳምንት በእርሷ ቆጣሪ። የመብራት ታሪፉ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ካለሽ ሒሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ጠይቂ።

በዚህ ሁሉ ከወር ምግቤ ላይ የቀነስኩት 300 ብር ነው። በቃ።

5. ቀለብ ጠይቂ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ስንት ሴት አውቃለሁ መሰለሽ "ከእርሱ ምንም አልፈልግም" ብላ ልጇን በአራጣ የምታሳድግ። እኔም ብዬዋለሁ። ክብር መስሎኝ ነበር። ግን ቀለቡ የእኔ አይደለም፤ የልጆቹ ነው። የእነርሱን ገንዘብ እኔ በኩራቴ ልተወው አልችልም።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወላጅ ልጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ቀለብ ሲል እንጀራ ብቻ ማለት አይደለም። መኖሪያ፣ ልብስ፣ ጤናና ትምህርትም ውስጡ አለ። መጠኑ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። ስለዚህ "የ5 ሺህ ብር ደሞዝተኛ ነኝ" ማለት ከግዴታው አያወጣውም፤ መጠኑን ነው የሚቀንሰው። ኑሮ ሲለወጥም መጠኑ እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። ይህ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። አባት ልጁን የማሳደግ ግዴታው ግን ክልል ሲቀየር አይጠፋም።

ተጋብታችሁ ነበር አልነበረም ለልጁ ለውጥ የለውም። አባትነቱን ከካደ መጀመሪያ አባትነቱን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይመጣል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ይቻላል።

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ወረቀት ሰብስቢ፦ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ማስረጃ ካለ፣ የትምህርትና የሕክምና ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ ያቺ ደብተርሽ። ልጁ ልደቱ ካልተመዘገበ ወረዳ ሄደሽ አስመዝግቢው። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ይላል፤ ካለፈም ዘግይቶ ይመዘገባል። የእርሱን ሥራና የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት በትክክል እወቂ። ነጋዴ ከሆነ የሱቁን ቦታ፣ መኪና ካለው ሰሌዳውን።

ቀጥለሽ ሽማግሌ። ሽማግሌ አትናቂ፤ የእኔን ግማሹን የጨረሰው ሽማግሌ ነው። ግን "እሺ፣ እሰጣለሁ" በሚል የቃል ስምምነት ከተነሳሽ ተመልሰሽ ዜሮ ነሽ። ስንት ብር፣ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ፣ ሁሉም ይጻፍ፤ ይፈረም። ከተቻለ ፍርድ ቤት ይጽደቅ። የጸደቀ ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚፈጸም፣ ሲያቋርጥ እንደገና ከዜሮ መጀመር የለም።

እምቢ ካለ ፍርድ ቤት። አዲስ አበባ ከሆንሽ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። የዳኝነት ክፍያ ከሌለሽ ከወረዳሽ የድህነት ማስረጃ ይዘሽ በደሀ ደንብ እንድትከሺ ጠይቂ። ክሱን ለመጻፍ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያሏቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችም አሉ። አባትየው ደሞዝተኛ ከሆነ፣ ቀለቡ ከደሞዙ ተቆርጦ በቀጥታ በሒሳብሽ እንዲገባ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ እንዲጻፍ ጠይቂ። የሚሻለው ይህ ነው፤ በየወሩ ስልክ መደወልና መለመን ያበቃል።

አትዘግዪ። የተጠራቀመ ቀለብ በ3 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ፣ ለኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆኑን ካላስረዳሽ በስተቀር ይቀራል። "ልጁ ሲያድግ የ10 ዓመቱን አስከፍለዋለሁ" የሚባለው ሐሳብ አይሠራም። ደግሞ የተፈረደበትን ቀለብ አውቆ የማይከፍል ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ሊጠየቅ ይችላል። እኔ ይህን ለማስፈራሪያ አልተጠቀምኩበትም። መኖሩን ማወቁ በቂ ሆኖ ነበር።

የእኔ 7 ወር ፈጀ። በወር 2,000 ብር ተወሰነ። ከጠበቅሁት ያነሰ ነው፤ ከዜሮ ግን 2,000 ይበልጣል።

ባልሽ በሞት የተለየሽ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ጡረታ ይቆርጥ እንደነበር ጠይቂ። ለአበል የሚያበቃ አገልግሎት ካለው ለሚስት የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይከፈላል። አገልግሎቱ ለአበል ካልደረሰም አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። በሐዘን መሃል ወረቀት ማሳደድ ከባድ ነው፤ አንድ የታመነ ዘመድ ይዘሽ ሂጂ።

6. ዕዳ

በጭንቀቴ ጊዜ አንድ ሰው 10,000 ብር በመቶ አስር አበደረኝ። በየወሩ 1,000 ብር ወለድ ማለት ነው። 10 ወር ከፍዬ 10,000 ብር ሰጥቼዋለሁ፤ ዋናው 10,000 ግን ንክችም አላለም። ይህን ሒሳብ ከመበደርሽ በፊት ሥሪው፤ እኔ የሠራሁት ከተበደርኩ በኋላ ነው። አራጣ በሕግ ወንጀል ነው፤ ግን ሌሊት ልጅ ሲታመም ማን ሕግ ያስባል።

ስለዚህ ሌላውን አስቀድመሽ አዘጋጂ። ከሚቀጥለው ደሞዝሽ ላይ ቅድሚያ እንዲሰጥሽ መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። ሥራ ቦታሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለ፣ ቢያንስ ትንሹን መዋጮ እያዋጣሽ አባል ሁኚ። በቴሌብር ያሉት እንደ መላና እንደኪሴ ያሉ ብድሮች ፈጣን ናቸው፤ ዋስም አይጠይቁም። ግን ለአንድ ሳምንት ጉድለት እንጂ በየወሩ ለሚመጣ ጉድለት አይሆኑም። በየወሩ የምትበደሪ ከሆነ የሚቀጥለውን ወር ደሞዝሽን ክፍያ እየጨመርሽበት እየበላሽ ነው።

የሱቅ ዱቤው ላይ አዲስ መጻፍ አቁሚ። ባለ ሱቁን "ያለብኝን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በእጄ ነው የምገዛው" በዪው። እርሱም ደስ ይለዋል፤ አንቺም ለዱቤ ተብሎ ከፍ ካለ ዋጋ ትድኛለሽ።

ወደ እቁቡ እንመለስ። እጣ ካልወጣልሽ የእቁቡን ዳኛ አነጋግሪ። በችግር ጊዜ እጣ ማስቀደም በብዙ እቁብ ያለ ነው። የወጣው ገንዘብ በመጀመሪያ በጣም ውድ የሆነውን ዕዳ ይዝጋ፤ ሶፋ አይገዛበትም። እኔ ደብተሩን ከመጻፌ በፊት በወጣልኝ እጣ አራጣውን ዘጋሁት። እጣ ከወሰድሽ በኋላ ግን ማቋረጥ አይቻልም፤ ዋስሽ ነው የሚያዘው። እጣ ሳትወስጂ መክፈል ካቃተሽ እጣሽን የሚካፈል ሰው ፈልገሽ ግማሽ አድርጊው፤ እኔ በቀጣዩ ዙር ከ800 ወደ 400 ያወረድኩት እንዲህ ነው።

ዘመድ? ጠይቂ። አጠያየቁ ላይ ግን አንድ ዘዴ አለኝ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ "ተቸግሬአለሁ" ሲባል ይጨነቃል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። እርሱም እዚያ ኪራዩና የመኪናው ዕዳ አለበት። እኔ ለአክስቴ ልጅ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ደብተሬን ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና "ይቺን የሱቅ ዕዳ 4,200 ብር ዝጊልኝ፤ ሌላ አልጠይቅም" አልኳት። በማግስቱ ላከች። አንዴ በመጣ ገንዘብ በየወሩ ከሚወጣው ላይ 600 ብር ጠፋ ማለት ነው። ከሰው የምትወስጂው ገንዘብ እንዲህ በየወሩ የሚመጣ ነገርን ቢገድል ነው የሚጠቅመው።

7. ወረዳ ሂጂ

"ምን ይሉኛል" የሚለውን እቤት አስቀምጠሽ ሂጂ። የነዋሪነት መታወቂያና የልጆቹን የልደት ወረቀት ያዢ። ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ የሚባለውን ክፍል ጠይቂ፤ ስሙ በየጊዜው ቢቀየርም ሥራው አለ።

ደሞዝተኛ ካልሆንሽ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ጠይቂ። በዓመት አንዴ ከፍለሽ መላ ቤተሰቡ በጤና ጣቢያና በተመደበለት ሆስፒታል ይታከማል፤ መክፈል ለማይችሉ ደግሞ መንግሥት ይከፍላል። ምዝገባና እድሳቱ ጊዜ ስላለው እንዳያመልጥሽ። ከ2009 ጀምሮ በአዲስ አበባ የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም አለ። መሥራት የሚችል የጽዳትና የአረንጓዴ ልማት ሥራ እየሠራ ይከፈለዋል፤ ከሚያገኘውም 20 በመቶው ለኋላ ሥራ መጀመሪያ ይቆጠብለታል። መሥራት ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ አለ። የሚመረጠው በአካባቢ ኮሚቴ ስለሆነ፣ ችግርሽን ጎረቤት ካላወቀልሽ ስምሽ አይነሳም። ለብሰሽ፣ ተኩለሽ፣ "ደህና ነኝ" እያልሽ የምትወጪ ከሆነ ማን ያውቅልሻል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሪ ከሆነ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ከሌለ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ሞግዚት መክፈል ከደሞዝ ግማሽ የሚወስድበት ጊዜ ነው።

8. ተጨማሪ ገቢ፦ ሒሳቡን ሳትሠሪ አትጀምሪ

ቅዳሜ እንጀራ እሸጥ ነበር ብያለሁ። አንድ ቀን የጤፉን፣ የመብራቱን፣ የላስቲኩን ዋጋ ቀንሼ ትርፉን ለሰዓቱ አካፈልኩት። በሰዓት 25 ብር። ለዚያ ብዬ ነው ልጆቼ ቅዳሜን ያለ እኔ የሚያሳልፉት!

እንጀራ መሸጥ አያዋጣም እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ሴት ቤት ሠርታበታለች። በቀን 100 እና 200 ለሆቴል የምታስረክብ ሴት ሌላ ናት። እኔ ግን ከሥራ የተረፈችኝ ጊዜ ትንሽ ነበረች። ስለዚህ መመዘኛዬን ቀየርኩ። ካፒታል የማይጠይቅ፣ ልጆቼ አጠገቤ ሆነው የሚሠራ። የጎረቤት 4 ልጆችን ከትልቋ ልጄ ጋር አንድ ላይ ሒሳብና እንግሊዝኛ ማስጠናት ጀመርኩ፤ በሳምንት 3 ማታ፣ ለአንድ ልጅ በወር 500 ብር። 2,000 ብር ሆነ። እንጀራውን ተውኩት። የልጄም ውጤት ከፍ አለ፤ ያላሰብኩት ትርፍ።

አንቺ ሹሩባ ትሠሪ ይሆናል፤ ልብስ ታስተካክዪ ይሆናል፤ በርበሬ ታዘጋጂ ይሆናል። መጀመሪያ ለ3 ሰው ሥሪና ሒሳቡን እዪው። ተበድረሽ አትጀምሪ።

9. ልጆቹ

ሁሉን አትንገሪያቸው፤ ሁሉንም አትደብቂያቸው። የ5 ዓመት ልጅ "ዛሬ አንችልም፤ ደሞዝ ሲገባ" የሚለውን ይረዳል። ለእርሱ ከባዱ እናቱ ምክንያቱን ሳትነግረው ስትቆጣ ነው። የ11 ዓመቷ ልጄ ደብተሩን አይታዋለች። "እቁብ ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ አስረዳኋት። አባትሽ አይከፍልም ብዬ ግን አልነገርኳትም። እርሱ ለእርሷ አባቷ ነው፤ የእኔና የእርሱ ሒሳብ ችሎት ይጨርሰው።

በዓል ላይ ተነጋግራችሁ ወስኑ። ፋሲካን ዶሮ ከጎረቤት ጋር ተካፍለን ያሳለፍንበት ዓመት አለ። ልጆቹ የሚያስታውሱት የጎረቤትን ቤት ጨዋታ ነው።

10. ደብተሩን እንደገና

የእኔን እንደምር። ትምህርት 1,600፣ እቁብ 400፣ ምግብ 300፣ ከማስጠናት የተጨመረው 1,000፣ የሱቅ ዕዳ 600። ድምር 3,900። 4,100 የነበረው ጉድለት 200 ብር ቀረው። ይህ ሁሉ የሆነው ቀለቡ ሳይመጣ በፊት ነው፤ አንድ ወር ውስጥም አልሆነም፣ ከሰኔ እስከ ጥር ፈጅቷል። የ200 ብሯን ጉድለት ብዙ ወር በእግሬ እየሄድኩ ሞልቻታለሁ። ቀለቡ ሲመጣ 1,800 ብር ተረፈ።

ከተረፈው ላይ በየወሩ 300 ብር "መስከረም" ብዬ በሰየምኩት ሌላ ሒሳብ አስቀምጣለሁ፤ ካርድ የለውም፣ ስልኬ ላይም አልጫንኩትም። ለማውጣት ባንክ ሄጄ መሰለፍ አለብኝ። አምና ነሐሴ 28 ቀን ተሰልፌ 3,300 ብር አወጣሁ። ጳጉሜን በእርሷ ተሻገርናት፤ ለደብተር መሸፈኛ ላስቲክም ተርፎናል።